መብራቱ ከእናንተ፣ አራሷ ከእኛ

ውድ ታላቱ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ሽንኩርት ነጋዴው ኢሮ ነው፤ ድንበሩ ቢዘጋም የጫካውን መንገድ ያውቀዋል። ትናንት ስትደውዪ የቤቱን ሰው ሁሉ፣ ፍየሎቹን ሳይቀር ጠየቅሽኝ። የበኩር ልጅሽን ግን አላነሳሻትም፤ በኩርን በስም መጥራት ነውር ነውና አልፈርድብሽም። እኔም ሳትጠይቂኝ መናገር አቃተኝ። ራኪያ፣ ያንቺ ልጅ የእኔ ምራት፣ ወልዳ ነበር። ወንድ ነበር። ሞተ።

የመጀመሪያ ልጇን ከድንበሩ ማዶ ካትሲና፣ አንቺ ቤት ልትወልድ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር። እዚህ ወታደር መንግሥት ገለበጠ፤ እናንተ ድንበሩን ዘጋችሁ፣ የመብራቱንም መስመር ቆረጣችሁ። «እናንተ» ስል አንቺን ማለቴ አይደለም። ግን የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤቴን ሥራ ያስጀመርኩ ቀን፣

«እናንተ ጎቢሮች አምፖላችሁ እንኳ የሚበራው በእኛ ቸርነት ነው። ካስቸገራችሁን ድርግም ነው» አልሽኝ።

«ግድባችሁን የሚሞላው ወንዝ በእኛ ደጅ ነው የሚያልፈው። እንገድበውና ጨለማ ለጨለማ እንተያያለን» አልኩሽ።

የእኛ ጎቢርና የእናንተ ካትሲና ድሮም በቀልድ ሲሰዳደቡ የኖሩ ናቸው። ስቀን ተለያየን።

የራኪያ ሆድ ሲገፋ «እዚሁ ሐኪም ይይሽ» አልኳት። «ነገ ድንበሩ ይከፈታል፤ እናቴ ቤት ካልወለድኩ ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። ልጁ ያለወሩ መጣ። ክሊኒኩ የሚያሞቀው ሣጥን ነበረው፣ መብራት ግን የለም። አዋላጇ ሱወባ «ሐጂያ፣ ጄኔሬተርሽን» አለችኝ። በጋሪ አስጭኜ ወሰድኩት። ልጄ ላዋሊ፣ የሕፃኑ አባት፣ በኩሩን በአፉ ማንሳት አፍሮ፣ በር ላይ ቆሞ ስለ ዓሣው ያወራል።

«እማዬ፣ ዓሣው ይበሰብሳል እኮ።»

«ይበስብስ። አንተ ቤንዚን ፈልግ።»

ጄኔሬተሩ የእኔ ነው፤ ቤንዚኑ ግን በጀሪካን ከእናንተ ነበር የሚመጣው። ላዋሊ ማራዲን ዞሮ ባዶ ጀሪካን ይዞ ተመለሰ። ሱወባ ሕፃኑን አውጥታ በራኪያ ደረት ላይ አስተኛችው። የእናቱ ሙቀት አልበቃውም። ለስሙ ቀን የገዛሁት በግ እንደታሰረ፣ ስም ሳይወጣለት ቀበርነው።

ጎረቤት «ጠላቶቻችን ገደሉት» ይላል። እኔ ግን እንደ ነጋዴ አስባለሁ። ማንም ነጋዴ ዕቃውን ሁሉ ከአንድ ሰው አይገዛም፤ አገር ግን ይገዛል። ጎረቤትሽ በተቆጣ ቀን የሚከፍለው ደግሞ ያልተዋዋለው ነው። ሲሞላልኝ በፀሐይ የሚሠራ መብራት አስገባለሁ፤ ለዚህ ልጅ ግን አይደርስም።

ለአሁኑ የአንቺን ሥራ እየሠራሁ ነው። ጠዋትና ማታ ውሃ በኒም ቅጠል አፍልቼ አራሷን አጥባታለሁ። «ላጥሽኝ እኮ» ትላለች፣ እጄን ግን አትለቅም። ዛሬ ጠዋት ዓይኗን ጨፍና «እማ» አለች። እኔን የምትጠራኝ «ሐጂያ» ብላ ነው፤ ማንን እንደጠራች ገብቶኛል።

«አቤት» አልኳት። ይቅር በይኝ፣ ታላቱ። መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ባንቺ ፈንታ አቤት እላለሁ።

ደሉ
ማራዲ