የሻጩ ሰው

ተፈራዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ውሃው በዚህኛውም ገባ። ከኋላ ካለው ኮረብታ ወርዶ፣ በጓዳው በር አድርጎ፣ አልጋችን ሥር ደረሰ። ባልዲዬን ይዤ እየቀዳሁ አንተኑ ስወቅስ ዋልኩ፤ ይቅር በለኝ።

ደላላው በየነ እኮ ገና የመጀመሪያ ቀን በግልጽ ነግሮህ ነበር። ቤቱን ሊያሳየን ሲመጣ፣ ሻጩም ባለበት ደጁ ላይ ቆመን ሳለ፣ «እኔ የሻጩ ሰው ነኝ፤ እናንተም የራሳችሁን ሰው ይዛችሁ ኑ» አለ። አንተ ሳቅክ። በአንድ የሚካኤል ማኅበር ጽዋ ትጠጣላችሁ፤ በሱ ላይ ሌላ ደላላ ማምጣት ወንድምህን አላምንህም ማለት መሰለህ። «አንተ እያለህ ሌላ ሰው ምን ያደርግልኛል?» ብለህ ትከሻውን መታ መታ አደረግከው። ወይ ይሉኝታህ! በጋ ነበር፤ ግቢው ደረቅ፣ ግድግዳው አዲስ ኖራ የተቀባ። ክረምት ላይስ እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅልን ሰው አልነበረንም። እሱም ሳይጠየቅ የሻጩን ገመና አላወጣም።

በዚያው ክረምት ውሃው ሲገባ ማኅበሩን ጥለህ ወጣህ። አዋጁ ወጥቶ የሻጩ ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ለእኛ ይቺ አንዲቷ ስትቀርልን እንኳ ልብህ አልራራም። ታመህ ተኝተህ ሊጠይቅህ ሲመጣ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሞ ቆሞ ሄደ። ከውሃው ይልቅ የሚቆጨኝ ይኸ ነው።

ልጃችን አልማዝ መቂ መጥተሽ ካልኖርሽ ብላ ስለያዘችኝ ቤቱን ልሸጠው አሰብኩ። ቀበሌውም ፈቀደ። ድለላ እንደ ድሮው በአደባባይ አይሠራም፤ ቢሆንም በየነን አስጠራሁት። ግድግዳውንም ኖራ አስቀባሁ፤ አልዋሽህም።

ጥር ላይ አዲስ ተጋቢዎች ይዞ መጣ። ልጅቱ ነፍሰ ጡር ናት። ደጁ ላይ አቁሞ ያንኑ ቃል ነገራቸው፤ «እኔ የወይዘሮ አስካለ ሰው ነኝ፤ የእናንተን ሰው ይዛችሁ ኑ» አላቸው። ባልየው ሳቀ። «እርስዎን የመሰለ ትልቅ ሰው እያለ ሌላ ምን ያደርግልናል?» አለ። ተፈራዬ፣ አንተ የቆምክ መሰለኝ።

በየነ ዞሮ እኔን አየኝ። የኔ ሰው ነውና ካልፈቀድኩለት አይናገርም። ያኔም ሻጩን እንዲህ አይቶት ይሆናል፤ ሻጩ ግን ተናገር አላለውም። ይኼን ሳትሰማ መሄድህ አንጀቴን በላኝ።

«ንገራቸው» አልኩት። ውሃው እስከየት እንደሚደርስ ግድግዳው ላይ በእጁ እያመለከተ ነገራቸው። አመስግነው ሄዱ። ሌላ ገዢም እስካሁን አልመጣም፤ አልማዝም ተቆጥታኛለች።

ለሚካኤል በስምህ ዝክር አወጣለሁ። በየነንም ጠርቼዋለሁ፤ አደራህን፣ ፊትህን እንዳታዞርበት። ባልዲው ከበሩ ኋላ እንዳለ ነው። ክረምት ሲመጣ ውሃውን እየቀዳሁ አስታውስሃለሁ፤ በጋም አስታውስሃለሁ፣ ያኔ ግን ሳልወቅስህ።

ያንተው አስካለ