የጉልበትሽ ቁስል ሻረ ወይ?

ይድረስ ለእናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ቁስሉ ደረቀ ወይስ አሁንም ስትገላበጪ ያምሻል? የላክሁልሽን ቅባት እንዳልነካሽው አውቃለሁ፤ አንቺ ከወይራ ዘይት ሌላ መድኃኒት አታምኚም። ፍየሎቹ ደህና ናቸው? የበረንዳው ወይንስ ያዘ? እኔ ደህና ነኝ። ክራንቹን ትቼ እስከ ዳቦ ቤቱ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ።

ደህና ነኝ ስልሽ የምሬን ነው። የአቴና ሰው ግን አያምነኝም። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ባየችኝ ቁጥር ከንፈሯን እየመጠጠች ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ በነጻ ትሰጠኛለች፤ «አይዞሽ ልጄ፣ ገና ወጣት ነሽ» ትለኛለች። ዳቦውን ተቀብዬ እሄዳለሁ። ሐዘኑ ያለው እሷ ጋ ነው።

የተጎዳሁበት ቀን እንዴት እንደሆነ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ ልንገርሽ። የምዘልበትን ረጅም ምርኩዝ መትከያው ጉድጓድ ውስጥ ተክዬ ለመነሳት መሬቱን ስረግጥ የተረከዜ ጅማት ተበጠሰ። ምርኩዙ ወደፊት ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። ይኸው ነው። በቴሌቪዥን አሳይተውት ነበር፤ አንቺ ግን እንደ ልማድሽ ሰሃን እያጠብሽ ነበር። ስዘል አንድም ቀን አይተሽኝ አታውቂም።

አባዬ ነበር የሚያየኝ። ምርኩዞቹን መኪናው ላይ አስሮ በመርከብ ሲያሻግረኝ ትኬት ቆራጩ «ጌታው፣ በዚህ ዘንግ ዓሣ ነባሪ ልታጠምድ ነው?» እያለ ያሾፍበት ነበር። አባዬም «አጥማጇ እሷ ናት፤ የምታጠምደውም ወፍ ነው» ይለዋል። ከዚያ አባዬ የሰው ቤት ጣሪያ ሲያለብስ ወደቀ። አርባው ሳይወጣ ወደ ልምምድ ልመለስ ቦርሳዬን ስይዝ፣ በሩ ላይ ቆመሽ «ከፍታ አንድ ወስዶብኛል» አልሽኝ። ቦርሳዬን አንግቼ ሄድኩ። በዚያው ዓመት የግሪክ አንደኛ ሆንኩ። ቀጥሎ የአውሮፓ ፍጻሜ መጣ፤ ቀጥሎ ኦሎምፒክ፣ እሱም አንድም ከፍታ ሳልሻገር የወጣሁበት። በየጊዜው ስደውልልሽ «ወረድሽ?» ብለሽ ነበር የምትጠይቂኝ። ስንት ዘለልሽ ብለሽ አታውቂም።

ጉልበትሽ የቆሰለው ጓሮ ውስጥ ተደናቅፈሽ ነው ብለሽኝ ነበር። አክስቴ ስታማቲያ ግን ምስጢር የሚባል ነገር አፏ ውስጥ አያድርም፤ በስልክ ነገረችኝ። በፍልሰታ፣ በእመቤታችን ዕለት፣ ቲኖስ ደሴት ድረስ ለስለት አብራሽ ሄዳ ነበር አሉ። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን ተንበርክከሽ በጉልበትሽ ወጣሽው፤ ለተሳላሚ የተነጠፈውን ምንጣፍ ትተሽ በአስፋልቱ። ለእግሬ ልትለምን ነዋ አልኳት።

«ውይ ልጄ፣ አቴና አረመኔ አደረገሽ እንዴ? ለልመናማ ሻማ ይበቃል። በጉልበት የሚኬደው ስለት ሲሰምር ነው» አለችኝ።

ምን ሰመረላት አልኳት። እሷ ግን የቲማቲሟን ነገር አነሳች፤ ዘንድሮ ተባይ ጨርሶባታል። ስልኩን ልትዘጋው ስትል የእመቤታችን ሥዕል ሥር ለስለትሽ የሰቀልሽው ከብር የተሠራ እግር እንደሆነ ጠየቅኋት። አይደለም አለች፤ ሴት ልጅ ናት፣ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ሁለት እግሮቿ መሬት የረገጡ። እሷን ሰቅለሽ ስታበቂ «እንግዲህ እተኛለሁ» አልሽ አሉ።

ስልኩን ዘግቼ ምስር ቀቅዬ በላሁ። ልናደድ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ላለቅስም ሞከርኩ፤ ያው ነው። ተረከዜን ከሰፉት ወዲህ ቢቆነጥጡት አይሰማውም፤ እኔም ሁለመናዬ እንደዚያ ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት አሰልጣኜ ፋኑሪስ ሌላ ሐኪም ጋ ወሰደኝ። ሐኪሙ ጅማቱ አንድ ጊዜ ደግሞ በቀዶ ጥገና ቢሠራ በመጪው በጋ እንደምዘል ነገረን። ምናልባት አላለም፤ ትዘያለሽ ነው ያለው። ፋኑሪስ ከደስታው ብዛት ነርሷን አቅፎ ሳማት። እኔ ግን አላሠራውም አልኩ።

መንገዱን ሙሉ ሲሰድበኝ መጣ። «አንቺ በቅሎ! ከነግትርነትሽ ከፍየሎችሽ ጋ ብትቀሪ ይሻልሽ ነበር። ምክንያቱን ብቻ ንገሪኝ» ይለኛል። ተከፍሎበታል አልኩት፤ ጉልበትሽን እያሰብኩ። ማን ነው የከፈለሽ፣ የትኛው ክለብ ነው ብሎ አፈጠጠብኝ። እስካሁን አኩርፎኛል።

ምርኩዞቹን አብረውኝ ለሚለማመዱት ሴት ልጆች ሰጠኋቸው። አንዱን ብቻ አስቀርቻለሁ፤ ለወይንሽ ድጋፍ ይሆናል። ለቅዱስ ዲሚትሪዮስ በዓል ይዤው እመጣለሁ። መሰላል ላይ ወጥቶ ወይኑን የሚያስር ሌላ ሰው ግን ፈልጊ፤ እኔ ከሥር ቆሜ ገመዱን አቀብላለሁ።

እስከዚያው እመቤታችን እንቅልፍሽን ትባርክልሽ። ጉልበትሽን ከቁስሉ ፈንጠር ብዬ እስማለሁ።

መሬት የረገጠችው ልጅሽ