ሰውየውን ልፈትን ስወጣ

እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራም አለ። እጄን ትንሽ ስለሚደክመኝ ምላጩን ትቼ በመቀስና በቶንዶዝ ብቻ ነው የምሠራው፤ ጺም የሚላጭ ደንበኛ ሲመጣ የሥራ ጓደኛዬ ይቀበለኛል። የሚያሳስብ ነገር የለውም። ጽሑፌ ተንጋዶ ካገኘሽው ደግሞ ጠረጴዛው ስለሚወዛወዝ ነው።

ወደ ጉዳያችን ልግባ። ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ሰካራም ባል አንዴ ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልደግመውም፤ ይህን አንተ ያለህበት ከተማ የሚሠራውን፣ ለትዳር የጠየቀኝን ሰው አጠጥተህ እየው፤ አንተ አይጠጣም ካልከኝ እሺ እለዋለሁ፣ ይጠጣል ካልከኝ ይቅርብኝ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አልፈርድብሽም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትሽ ጨርቅ ልትገዛ እዚህ መጥታ በጠዋት ከመሸታ ቤት ሲወጣ አየሁት ማለቷንም አልረሳሁም። እንዳልሽኝ አደረግሁ።

እዚህ የእግር ጉብኝት የሚባል ነገር አለ። አስጎብኚዋ ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ ከፊት እየመራች የድሮውን ሰፈር ታሳያለች፤ በየመሃሉ ደግሞ ጥንታዊ መሸታ ቤቶች እያስገባች የቤቱን ቢራ ታስቀምሳለች። ሰው ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል ብዬ እሁድ ከምሳ በኋላ ጋበዝኩት። ደስ ብሎት መጣ። ለጉብኝቱ ነው የመሰለው፣ ምስኪን።

መጀመሪያ የሰዓቱን ማማ አየን። ሰዓቱ የቆመው ሠሪው የሞተ ዕለት ነው አለች አስጎብኚዋ፤ ሰው ሁሉ አንጋጦ ከንፈሩን መጠጠ። ያንቺ ሰው ግን ዓይኑ ከሰዓቱ በታች ያለችው ክብ መስኮት ላይ ነበር። ምን ታያለህ ብለው፣ መስታወቷ ከሁለት ቁራጭ የተገጠመች ናት፣ ስትገጠም ተሰብራባቸው ይሆናል አለኝ። መስታወት ገጣሚን ጉብኝት መውሰድ እንዲህ ነው፤ ከተማ አሳይተሽው መስኮት አይቶ ይመለሳል።

የመጀመሪያው መሸታ ቤት እዚያው ማማው ሥር ነው። በሩ አጭር ስለሆነ እሱ ግንባሩን መታው፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። አስተናጋጁ ገና ሳልቀመጥ እንደ ሁልጊዜው ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከሌላ ሰው ጋር አመሳስሎኝ መሆን አለበት፤ መልኬ ከብዙ ሰው ይመሳሰላል። ሰውሽ አንዴ ፉት አለና ጥሩ ነው ብሎ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ አልነካውም። መድፋት ነውር ስለሆነ እኔ ጨረስኩለት።

ቀጥሎ ድልድዩን አየን። የተጣሉ ወንድማማቾች ከወዲህና ከወዲያ ሆነው የሠሩት ነው፣ መሃሉ የጎበጠው ስላልተነጋገሩ ነው ተብሎ ተተረከልን፤ ማን እንደሚያረጋግጠው እንጃ። ሁለተኛው መሸታ ቤት ከድልድዩ ማዶ ነው። ስንገባ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ምላጭ መጣ ብለው ተንጫጩና ቦታ ለቀቁልኝ። ፀጉር አስተካካይ መሆኔን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ለባለቤቲቱ በጆሮዋ፣ ይህ ሰው እህቴን ሊያገባ ነው፣ ጠጪ መሆን አለመሆኑን ላጣራ ነው ያመጣሁት አልኳት። ትሪዋን እስክታስቀምጥ ድረስ ሳቀች። ከዚያ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስለ ማን እንደተናገረች አልጠየቅኳትም።

የልብስ ሰፊዋም ነገር እዚሁ ተፈታ። ሰውሽ ከአጠገባችን ያለው መስኮት መስታወት የተያዘበትን ስቱኮ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ ይህን የገጠምኩት እኔ ነኝ አለኝ። ሰካራም ማታ የሰበረውን እሱ በጠዋት፣ ቤቱ ሳይከፈት ይተካል። ሴትዮዋ ያየችው እውነት ነው፤ ከመሸታ ቤት ሲወጣ ነው ያየችው፤ እጁ ላይ ያለውን መስታወት ግን አላየችም። ይህንን ማን ሰበረው ብዬ ጠየቅኩት፤ ምን አፌን እንዳስከፈተኝ እንጃ። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ በንዴት በቡጢ መታው፣ እኔ ስደርስ ደሙ ገና ከመስኮቱ ደፍ ላይ አልደረቀም ነበር አለኝ። እጄን የአውቶቡስ በር ቆረጠኝ ብዬ የጻፍኩልሽ ሰሞን መሆኑ ነው። የሸሚዜን እጅጌ እስከ ጣቴ ሳብኩት፤ ቤቱ ይበርዳል።

ሦስተኛውን ቤት በደንብ አላስታውሰውም። ደረጃ አለው፤ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች እሱን ጠይቂው። አስጎብኚዋ ሁለት ጃንጥላ ይዛ ነበር።

በማግስቱ ስነቃ አልጋዬ ላይ ነኝ፤ ጫማዬ ወልቆ በሥርዓት ተቀምጧል። ሰውሽ በካርቶን የደፈንኩትን መስኮቴን ገንጥሎ አዲስ መስታወት እየገጠመ ነበር። ክፍሌ እንዲህ ብርሃን እንደሚገባው ረስቼው ኖሯል። ፀሐዩ ብርድ ልብሱ ላይ አረፈና እጆቼን አየኋቸው። ይንቀጠቀጡ ነበር። እሱም አያቸው። አፈርኩ፣ እትዬ። አባታችንን የቀበርን ዕለት እንኳን እንዲህ አንገቴን አልደፋሁም።

ለእህቴ ምን ልትነግራት ነው አልኩት። ስቱኮውን እያስተካከለ፣ ዞር ሳይል፣ አንተ ያየኸውን ጻፍላት፤ እኔ ያየሁትን አልነግራትም፣ እሱንም ቢሆን የምትጽፈው አንተ ነህ አለኝ። ከዚያ ሻይ አፈላልኝ።

እና ያየሁትን ጻፍኩልሽ። ሰውየው አይጠጣም። እሺ በይው፣ ዓይንሽን አትሺ።

አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። የሰርጋችሁ ዕለት ጠዋት ጺሙን እኔ እንድላጨው ይፈልጋል። በቶንዶዝ ይሁንልህ ብለው፣ አይሆንም፣ በምላጭ ነው አለ። አንገቱን አምኖ ከሰጠኝ እኔ ምን እላለሁ፤ እሺ አልኩት። ይህን ደብዳቤ በጠዋት ተነስቼ፣ አፌን በውሃ ብቻ አርሼ ነው የጻፍኩት፤ ጠረጴዛው ጤነኛ ነው።

ጉልበትሽን ይማርልሽ። ልጆቹን ያሳድግልሽ። ይህኛው ጎጆሽ የሳቅ ይሁን። እሺ በይው እንጂ፣ አደራሽን፣ ቀኑን ቅርብ አታድርጊው።

ያሳደግሽው ታናሽ ወንድምሽ