አንድ መስመር ላይ ሁለት ስም

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እኅቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ነሽ? በጣም እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያምሻል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽ ቅባት ሠራልሽ? የጠመኔው ብናኝ ጉሮሮሽን መዝጋቱን ተወሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ ደኅና ነው? ጠያቂዋ ልጅሽ አሁንም ስለ ሁሉም ነገር "ለምን?" እያለች ታደርቅሻለች? የአክስታችን ዐይን ተሻላቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ ወፈርሽ ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ቀሚሴን ያጠበበው የልብስ ማጠቢያው ማሽን ነው እያልኩ እከራከራለሁ።

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰባት ሳምንት ሆነው። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ። የመጀመሪያውን ስጽፍ ተቆጥቼ ነበር፤ ሁለተኛውን ስጽፍ አለቀስኩ፤ ሦስተኛው ላይ ሻይ ደፋሁበት። ይህ አራተኛው ነው። አሁን ልቤ ረግቷል፣ ደስም ብሎኛል፤ ስለዚህ ሳትቆጪ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

አባባ ካረፉ በኋላ ቤቱ ወደ ወራሾች ስም እንዲዛወር መሬት ክፍሉ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቀን እንደሰጠሽ ጽፈሽ፣ "ያለነው እኔና አንቺ ብቻ ነን፤ ምን እናድርግ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ሳልውል ሳላድር ድርሻዬን ለእኅቴ ትቻለሁ የሚል ወረቀት አዘጋጅቼ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ላኩልሽ። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። አንቺ ግን ወረቀቱን ሳታስገቢ አስቀመጥሽውና "የአባባን ቤት እንደ ጠፋ ጃንጥላ አስረከብሽኝ" ብለሽ መለስሽልኝ። እውነትሽን ነው እትዬ። ያደረግኩት ልክ እሱኑ ነው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ።

እንደምታውቂው የምሠራው ከአውቶቡስ ጣቢያው ምድር ቤት፣ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ውስጥ ነው። መስኮታችን ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው ጫማ ነው። መደርደሪያው ላይ ጃንጥላ፣ ቦርሳ፣ መነጽር፣ አንድ እግር ጫማ፣ አንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሳይቀር አለ። የጥርሱ ባለቤት እስካሁን ብቅ አላለም፤ ምን እየበላ እንደሚኖር አንዳንዴ ይጨንቀኛል። ሰው መጥቶ "የኔ ነው" ሲለን ዕቃውን አናሳየውም። መጀመሪያ የዕቃውን ባሕርይ እንዲነግረን እንጠይቃለን፦ ቀለሙን፣ ክብደቱን፣ የተጫረበትን ቦታ፣ ዚፑ የት ላይ እንደሚይዝ። አብጠርጥሮ ያወቀ ይወስዳል፤ ያላወቀ ደኅና ዋል ይባላል። በቀን አርባ ጊዜ "ለባለቤቱ አስረክቤያለሁ" ብዬ እፈርማለሁ፤ ባለማኅተሙ ይመታበታል። ባለማኅተሙ የምንለው አለቃችንን ነው። ማኅተሙን ኮት ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው ምሳ የሚበላው።

እና ያ የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲመጣ ሳላውቀው ባንኮኒው ላይ እንደማደርገው አደረግኩ። የቤቱን ባሕርይ ማን ነው የሚያውቀው? የጓሮው በር ካልተነሣ እንደማይከፈት፣ ክረምት ሲገባ የትኛው ግድግዳ እንደሚረጥብ፣ የቧንቧው ውሃ በስንት ሰዓት እንደሚሄድ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ የኮሪደሩን ቀለም ብጠየቅ አሮጌውን ነው የምናገረው፤ አንቺ ሁለት ጊዜ ቀይረሽዋል። በክፍላችን ደንብ ከሄድን እኔ ደኅና ዋይ ነው የምባለው። ስለዚህ ፈረምኩ።

ከደንቡ ጀርባ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ፤ አልደብቅሽም። አባባ ሁለት ዓመት ሲታመሙ ያገላበጥሻቸው አንቺ ነሽ፤ ጢማቸውን የላጨሽው፣ የሐኪም ቀጠሮ የተሰለፍሽው አንቺ ነሽ። እኔ በስልክ "አይዞዎት" ከማለት ሌላ ምን አደረግኩ? አፈርኩ። አይገባኝም ማለት አቃተኝና ደግነት አስመስዬ በፖስታ ላኩልሽ።

አንቺ ደግሞ ስትቆጪም ታስተምሪያለሽ። አራት ገጽ ሙሉ ሰደብሽኝ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን የፊዚክስ ትምህርት ገባ። ብረት ለሁለት ቢቆረጥ ርዝመቱም ክብደቱም ይከፈላል፤ የሚቀልጥበት ሙቀት ግን አይከፈልም፣ በሁለቱም ቁራጭ ላይ ሙሉው ይገኛል አልሽ። ቀጥለሽ "ለመሆኑ የአባባ ልጅነትሽ ከየትኛው ወገን ነው?" ብለሽ ጠየቅሽና እንደ ፈተና ወረቀት ከሥሩ አምስት መስመር ክፍት ተውሽልኝ። ተናድጄ እንኳን ሳቄ መጣ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ከደብተር ወረቀት ሦስት ማዕዘን ቆርጠሽ፣ ሦስቱን ጫፎች ቀድደሽ ጎን ለጎን ስትገጥሚያቸው ቀጥ ያለ መስመር የሆኑት ትዝ አለኝ። ትልቁንም ትንሹንም፣ ጠማማውንም ቆርጠን ሞከርን፤ ያው ሆነ። "ይሄን ነገር ለኔ ስጪኝ" ብዬ አለቀስኩብሽ። ወረቀቱን ውሰጂ፣ ይሄ ግን የሦስት ማዕዘኑ የራሱ ነው፣ አይሰጥም፣ አይወሰድም፣ አይጠፋም አልሽኝ። ያን ቀን እልኬን እንጂ ትምህርቱን ይዤ አልተኛሁም።

ዘንድሮም ቢሆን ያስተማረኝ ደብዳቤሽ ብቻ አይደለም፤ የስፌት መኪና ነው። ባለፈው ወር አንድ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ከነሳጥኑ አውቶቡስ ላይ ተረስቶ መጣልን። ሾፌሩ ሲያወርደው ወገቡን ይዞ ነበር። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሰውዬ ደረሰኝ ይዞ መጣ። ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር ከመኪናው ቁጥር ጋር አንድ ነው፤ ግን ማኅተሙ ምሳ ሊበላ ወጥቷል። ከሰዓት ተመለስ አልኩት። እሱ በወጣ በግማሽ ሰዓት አንዲት ሴት መጣች። ደረሰኝ የላትም። መዘውሩ ግማሽ ዙር ላይ ስለሚይዝ በመዳፍ መታ እንደሚደረግ፣ ወፍራም ጨርቅ ሲገባበት እንደሚያቃስት፣ ትንሿ መሳቢያ ውስጥ ሦስት የልብስ ቁልፍ እንዳለና አንዱ ሰማያዊ እንደሆነ ነገረችኝ። ከፍቼ አየሁ፤ አንድ ሳይቀር እንዳለችው ነው።

አንዱ ወረቀት አለው፣ አንዷ ታውቃለች። ባለማኅተሙን ከምሳ ሲመለስ ብጠይቀው "ሕግ የሚያውቀው ደረሰኝ ነው፤ ወረቀት ወረቀት ነው" አለኝ። ይህን እያለኝ ሰውዬው ተመልሶ ገባና ሴትዮዋን ሲያያት ክው አለ፤ "አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አላት። ለካ እኅትና ወንድም ናቸው። የገዛው እሱ ነው፣ የምትሰፋበት እሷ ናት። ሊያስጠግንላት ይዞት ወጥቶ አውቶቡስ ላይ ረስቶት፣ እሷን ፈርቶ ሳይነግራት በራሱ ሲሯሯጥ፣ እሷ ደግሞ ጠጋኙ ጋ አለመድረሱን ሰምታ መጥታለች። ተቆጣችው፣ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

ባለማኅተሙ "ታዲያ የማን ብለን እንጻፍ?" አለ። ወንድምዬው "የሷ ነው፤ እኔ መርፌ ላይ ክር እንኳን ማስገባት አልችልም" አለ። እሷ "የሱ ነው፤ የለፋበት እሱ ነው" አለች። ባለማኅተሙ ዕድሜውን ሙሉ "የኔ ነው" ሲባል እንጂ እንዲህ ሲባል ሰምቶ ስለማያውቅ ብዕሩን አስቀመጠ። ሰውዬው አሁንም "ያንቺ ነው አልኩሽ፣ ፈርሚና እንሂድ" ሲላት ግን ሴትዮዋ ፊቷ ተለወጠ። "ያንተ ካልሆነ ነገ ሲሰበር ማን ይሸከምልኛል?" አለችው።

እትዬ፣ አንቺ በአራት ገጽ ልትነግሪኝ የፈለግሽውን እሷ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። እኔ ድርሻዬን ሰጠሁሽ ብዬ ስኩራራ ለካ ሸክሙን በሙሉ ላንቺ ጥዬ መሄዴ ነው። መዝገባችን ላይ ለባለቤት ስም ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ባለማኅተሙ ሁለት ቀን ያሰበ ያህል አስቦ "አሳንሰሽ ሁለቱንም ጻፊ" አለኝ። ጻፍኩ። ሳጥኑን በሁለት ወገን ይዘው ወጡ፤ በመስኮቱ በኩል ጫማቸው ሲያልፍ አየሁት።

እንግዲህ እዚሁ ፖስታ ውስጥ የውክልና ወረቀት አለ። የቀድሞውን ወረቀት ቅደጂው፤ ከፈለግሽም ሦስት ማዕዘን ቆርጠሽ አስተምሪበት። ቤቱን በሁለታችን ስም አስመዝግቢው፤ ይህ ክፍል የሷ፣ ያ ክፍል የኔ ሳይባል፣ እንዳለ። ቤት ሊሸጥ ወይም ሊከራይ ሲል የሚጠየቀው ስሙ የተጻፈው ሰው ነው፤ እሱን ሕግ ያውቅበታል፣ ማኅተሙንም ያስመታሁት ለዚያ ነው። የቀረውን እኔና አንቺ እናውቅበታለን። ከእንግዲህ ጣሪያው ሲያፈስ ደውይልኝ፣ የጓሮው በር ሲወድቅ ንገሪኝ። ከማሰቡም ድርሻዬን እፈልጋለሁ። ፈቃድም ጠይቄያለሁ፤ ከመስከረም በኋላ አንድ ወር ይሰጡኛል። ስመጣ የእንግዳ አልጋ እንዳታነጥፊልኝ፤ ግድግዳ ስጪኝና ልቀባ። ክፍት የተውሽው አምስት መስመርም ከዚህ ጋር ተሞልቶ ተመልሷል፤ እባክሽ በቀይ እስክሪብቶ አትጨክኚብኝ።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ዝምታው ናፍቆኛል፣ እዚህ ሁሉም ሰው ያወራል። ለጠያቂዋ ልጅሽ፣ አክስትሽ ጥያቄሽን ሁሉ ለመመለስ እየተዘጋጀች ነው በያት፤ ያላወቅኩትን ወደ እናቷ እመራለሁ። የአክስታችንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ መነጽር ከመደርደሪያችን ባመጣላቸው ደስ ባለኝ፣ ግን ደንቡ አይፈቅድም። ጎረቤቶችን ሁሉ፣ ከዚያ ከማይወደኝ ውሻቸው በቀር፣ ሰላም በይልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የውክልናውን ቅጽ ስሞላ "ቋሚ አድራሻ" የሚል ቦታ ነበረው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ የዚህን የኪራይ ክፍል ቁጥር ስጽፍ ኖሬአለሁ። አሁን የአባባን ቤት ቁጥር ጻፍኩ። ጸሐፊዋ አየችውና "እዚህ ቤት ማን አለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኅቴ አለች አልኳት።

ታናሽሽ

ለጊዜው ከምኖርበት፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ
እሑድ፣ ሐምሌ 9 ቀን