የጎን በሩ ቁልፍ

ይድረስ ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚጮኸው ጉልበትሽ ተሻለው? ባለቤትሽስ አሁንም ዜና ሲሰማ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይጨቃጨቃል? ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ አካሌ ማለቴ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ወሬው ከበድ ሲል "መስመሩ ይቆራረጣል" ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። ደብዳቤ ግን አይቆራረጥም፤ እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ።

መጀመሪያ ውርደቴን ልንገርሽና ሳቂ። ባለፈው ሳምንት በአሮጌው ሲኒማ ቤት ጉዳይ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ይፍረስ የሚሉትም አይፍረስ የሚሉትም አዳራሹን ሞልተውታል። እኔም አዲሱን ኮቴን ለብሼ ተነሳሁና ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ቅርስ፣ ስለ ትዝታ፣ ስለ አደራ ተናገርኩ። ሰዉ ፈገግ እያለ ሲያየኝ "በቃ ልባቸውን ነካሁት" ብዬ ድምፄን ጨመርኩበት። ልክ ስቀመጥ ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እናት ጎንበስ ብለው "የኔ ልጅ፣ የዋጋው ወረቀት ብብትሽ ስር ተንጠልጥሏል፤ እጅሽን ባነሳሽ ቁጥር በቅናሽ መግዛትሽን አይተናል" አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ክርክሩን አንቺም ሳትሰሚው አልቀረሽም። ታክሲው፣ ሻይ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ ሌላ ወሬ የለውም። ጥርስ ሐኪሜ እንኳ አፌን ከፍቶ ይዞ "አንቺ ከየትኛው ወገን ነሽ?" ይለኛል። በየትኛው አፌ ልመልስለት?

መጽሔቱ ላይ ያለኝን ዓምድ ታውቂዋለሽ። ግማሹ የሰሞኑ ጭቅጭቅ ነው፤ ቀጥሎ አስገራሚ ወሬ አለ። ባለፈው ቅዳሜ ለምሳሌ የራሱን የቀብር ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ማን እንደሚያለቅስለት ከመንገድ ማዶ ቆሞ ሲመለከት ስለተያዘ ሰውዬ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ያኔ በዚህ ሳምንት" የምትባል የታሪክ ጥግ አለችኝ። የሷን አሠራር ላንቺ ምን እደብቃለሁ? ምድር ቤት እወርዳለሁ፣ ከአሮጌዎቹ የጋዜጣ ጥራዞች አንዱን አቧራውን አራግፌ እከፍታለሁ፣ አምስት መስመር እገለብጣለሁ። አለቀ። የሚያጣራ የለም። አለቃችን "የሞተ ሰው ደውሎ አይቆጣም" ይላል። እሱን እንኳ "መቀሱ" ነው የምንለው፤ የሰው ጽሑፍ ሳይቆርጥ ውሎ አያውቅም።

ሲኒማ ቤቱ መነጋገሪያ ስለሆነ የእሳቱን ቀን ፈልጌ አወጣሁ። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት፣ የከሰዓቱ ፊልም እየታየ፣ ከማጫወቻው ክፍል እሳት ተነሳ። የፊት በሩ ጠባብ ነው፣ የጎን በሩ ተቆልፏል። ሦስት ሰው ሞተ። "ኃላፊነቱን የዘነጋው በረኛ" ቁልፉን ጥሎ ተገኘ ተብሎ አምስት ዓመት ተፈረደበት። እኔም እንዳለ ገለበጥኩት፤ "የዘነጋው" የምትለዋን እንኳ አልነካኋትም። አንቺ ያኔ እዚያ ትኬት ቆራጭ እንደነበርሽ ጠፍቶኝ አይደለም። እሳቱ ሲነሳ ቤት ስለነበርሽ ተረፍሽልን፤ እማዬ ስታመሰግን ትዝ ይለኛል። ከዚያ አልፌ አስቤበት አላውቅም። እንዲያውም መጽሔቱ ሲወጣ ትደውይልኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልደወልሽም።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት ቢሮ መጣች። በኔ ዕድሜ ናት፣ ልብስ ሰፊ፤ ደረቷ ላይ መርፌ ከነክሩ እንደተሰካ ነው። መጽሔቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ "ይቺን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?" አለችኝ። አድናቂ መስላኝ ጥርሴን ብልጭ አድርጌ አዎ አልኳት። "በረኛው አባቴ ነው" አለችኝ።

በሕይወት አሉ፣ እትዬ። ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ከአልጋም ብዙ አይወርዱም። መጽሔቱን በየሳምንቱ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። ሌላውን ገጽ ብትዘለው ግድ የላቸውም፤ የኔ ዓምድ ከተዘለለ ግን ይቆጣሉ። ባለፈው ቅዳሜም ስፌቷን አስቀምጣ፣ ቀድማ ሳታየው ማንበብ ጀመረች። "ኃላፊነቱን የዘነጋው" ላይ ስትደርስ ድምጿ ቆመ። አባቷ "ቀጥይ እንጂ፣ የቀረውንማ አውቀዋለሁ" አሏት።

ይህን ስትነግረኝ ተቀመጪ ማለት እንኳ ረስቼ ቆማ ቀረች።

ልትሰድበኝ አልነበረም የመጣችው። እርማት እንዲወጣ ነው የምትፈልገው። ፊልሙ ሲጀመር አባቷ ዘግይተው የመጡትን በባትሪ እያበሩ ወደ ወንበራቸው ያደርሱ ነበር አለችኝ። ያለ ትኬት የሚሾልክ እንዳይኖር የጎን በሩ ይቆለፍና፣ እሳቸው ከጨለማው እስኪወጡ ቁልፉ ትኬት ቆራጯ ጋ ይቀመጣል። በየቀኑ እንደዚያ ነበር። ፍርድ ቤት ቆመው ግን "ጠፋብኝ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። "አባቴ መርፌ እንኳ ጠፍቶበት አያውቅም፤ ቁልፍ ይጠፋበታል?" አለችኝ። "ጠይቄው ጠይቄው ደከመኝ። የታመመ ልጅ ነበረ ይለኛል፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።"

መቀሱ ጋ ገባሁ። "ማስረጃ አምጪ፤ ልጅ አባቷን ስለወደደች እርማት አይወጣም" አለኝ። ስንገለብጠው ማን ማስረጃ ጠየቀን? አልኩት። "እስከ ሐሙስ ገጹን እይዝልሻለሁ" ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ትናንት፣ ረቡዕ፣ ቤታቸው ሄድኩ። አንድ ክፍል ናት፤ ግማሿን የስፌት መኪናው ይዞታል፣ ወለሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ሽማግሌው ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። "ድምፅሽ ከጽሑፍሽ ይቀጥናል" አሉኝ ገና ሰላም ስላቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር በእጃቸው አቋረጡኝና "እሱን ተዪውና፣ ያ ሞትኩ ብሎ ያስነገረው ሰውዬ፣ ለመሆኑ ስንት ሰው አለቀሰለት?" አሉኝ። ሰባት አልኳቸው። "ይበቃዋል" አሉ። ልጃቸው "አባባ፣ ቁም ነገሩን ንገራት እንጂ!" ብላ ተቆጣች። "ነገርኳችሁ እኮ፤ ጠፋብኝ" አሉ።

ትንሽ ቆይቶ ደንበኛ መጣችባትና ልጅቱ ወደ ደጅ ወጣች። ሽማግሌው ይህን የጠበቁ ይመስል እጃቸውን ሰደዱና የኔን ፈልገው ያዙት። ከዚያ መዳፋቸውን አንስተው ግንባሬ ላይ አደረጉት። ቀስ ብለው "ያ ትኩሳት ተመልሶ አልመጣብሽም አይደል?" አሉኝ።

"መጀመሪያ ልጄ ስምሽን ከነአባትሽ ስታነብልኝ፣ እሰይ፣ ተርፋለች፣ አድጋለች አልኩ" አሉኝ። ለካ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ዓምዴን የሚያስነብቡት።

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ። ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እትዬ። ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ አለ። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ እየሮጥሽ ገባሽ፣ የሥራ ካፖርትሽን ሳታወልቂ አጠገቤ ተንበረከክሽ። እማዬ "ማን ፈቅዶልሽ መጣሽ?" ስትልሽ "በረኛው ነው፣ ሂጂ እኔ አለሁ ያለኝ" አልሻት። ጎንበስ ስትዪ ከኪስሽ የሆነ ብረት ወለሉ ላይ ቃ ብሎ ወደቀ። እኔ መጫወቻ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። አንስተሽ አየሽው። ያኔ የነበረውን ፊትሽን ሠላሳ ሁለት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ፤ የገባኝ ግን ትናንት ነው። ብድግ ብለሽ በሩ ጋ ስትደርሺ ከውጭ ጩኸት ተሰማ።

ሲኒማ ጋብዢኝ ባልኩሽ ቁጥር ራስሽን ያምሽ ነበር። እኔ ደግሞ ቋጣሪ እያልኩ ስቀልድብሽ ኖርኩ።

የሆዴን ልንገርሽ፤ ተናድጄብሻለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ! አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ! መልሼ ደግሞ ሃያ አንድ ዓመትሽ እንደነበር፣ አንቺ ብትታሰሪ እኔና እማዬ ምን እንደሚውጠን አስባለሁ። የሮጥሽው ለኔ ነው። አንዱን ሳነሳ ሌላው ይጫነኛል፤ እንዲሁ ስገላበጥ ነጋ።

ዛሬ ጠዋት እርማቱን ጻፍኩ። "ቁልፉ በዚያ ሰዓት በበረኛው እጅ አልነበረም። ምስክሯ የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ናት፤ ቁልፉን ሌላ ቦታ በዓይኗ አይታዋለች" ይላል። መቀሱ አነበበና "የት ነው ያየሽው?" አለኝ። ቤታችን አልኩት። ከዚያ አንድ ቃል ሳይቆርጥ ወደ ማተሚያ ቤት ላከው።

ያንቺን ስም አልጻፍኩም። ልደብቅሽ ብዬ አይደለም፤ ያንን መጻፍ ያለበት የኔ እጅ ስላልሆነ ነው። ነገር ግን ልጅቱ ፊት ለፊት ከጠየቀችኝ አልዋሻትም። እሷ በዚህ ሁሉ ዓመት እውነቱን ከመጠየቅ በቀር ያጠፋችው የለም።

ይህን ደብዳቤ ላንቺ ከተማ አውቶቡስ ሹፌር እሰጠዋለሁ፣ ነገ ጠዋት በእጅሽ ያደርስልኛል። ፈጣሪ በአባትነቱ ልብሽን ያሳርፍልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀና ብለሽ የምትሄጂበትን ቀን ያሳየኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ የቆየሁት ፈርቼ ነው። ስሰናበታቸው እጄን ሳይለቁ "እሷስ ደህና ናት?" አሉኝ። ደህና ናት፣ አግብታለች፣ አራት ልጅ ወልዳለች አልኳቸው። "ጎሽ፣ ጎሽ" አሉ። ሰላም ብለውሻል።

እርማቱን ቅዳሜ ጠዋት ራሴ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው የሚሉትን፣ ልጃቸውም የምትለኝን፣ መራራም ቢሆን አንድ ቃል ሳላስቀር እጽፍልሻለሁ። ሹፌሩ ግን ነገ ከሰዓት ባዶ ወንበር ይዞ ይመለሳል፤ ከኋላው ያለውን እንዲይዝልሽ ነግሬዋለሁ። ከመጣሽ መጻፉም ይቀርልኛል።

ታናሽ እህትሽ