ሦስተኛው ደረጃ ላይ የቆመች ሴት

ጥር 6

ዛሬም ሠርግ ኤዲት ሳደርግ ዋልኩ። ጥር አይደል... የሱቃችን ባለቤት አብዱልመሊክ ካሜራውን አንግቶ ከሠርግ ሠርግ ይሮጣል፣ እኔ ሱቅ ቁጭ ብዬ ሙሽራ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። የሮቢት ሙቀት አልበቃ ብሎ ኮምፒውተሩም ይግላል። ቬንትሌተሩ የዞረው ወደሱ ነው።

ከሰዓት ስልጠና። ከአዲስ አበባ የመጣው የፊልም ጽሑፍ አሰልጣኝ፣ ቢኒያም፣ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሣለ። የጀግናው ጉዞ ይባላል አለን። አሥራ ሁለት ደረጃ። ጀግናው ቤቱ ነው፣ ጥሪ ይመጣለታል፣ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ መካሪ ያገኛል፣ ደፉን ተሻግሮ ወደማያውቀው ዓለም ይገባል፣ ይፈተናል፣ ሊሞት ይደርሳል፣ ያገኘውን ይዞ ቤቱ ይመለሳል። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ታሪክ አጥንት እንዳለው አላውቅም ነበር።

ከእኛ የአንዱን ጽሑፍ መርጠው እዚሁ ይቀርጹታል። የኔ መሆን አለበት። የእናቴ ታሪክ እኛ ቤት ውስጥ ብቻ ተወርቶ እንዲቀር አልፈልግም።

ጥር 9

ለቢኒያም ያነበብኩለትን እዚህም ላስቀምጠው።

አባቴ ሲሞት ገና መሮጥ የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ራቢዓ ዒዳ ገባች። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷን ይዛ ትቆያለች። በዚያው መሀል የሽንኩርታችን የውሃ ተራ ደረሰ። የቦያችን ደንብ አንድ ነው፤ ተራህ ሲደርስ ከቦዩ አፍ ካልቆምክ ውሃው ያልፍሃል፣ ደጋግሞ ካለፈህ ከተራው ትወጣለህ። ሮቢት ላይ ውሃ የሌለው መሬት ምን ያደርጋል?

የአባቴ ወንድም አብዱልሀኪም ይሄን ያውቃል። ዒዳ ላይ ነሽ፣ አትወጪም፣ ስትጨርሺ ማጀቴ ከተማ ወደ ወገኖችሽ ትሄጃለሽ፣ ለመሬቱ እኔ አለሁለት አላት። እሷ ሼሁን አስጠየቀች። ለችግር ቀን ቀን ትውጣ፣ ሳይመሽ ግን ቤቷ ትግባ አሉ። ወጣች። ቦዩ አፍ ላይ ቆመች። አጎቴ ውሃውን ወደ ማሳው ሊመልስ አካፋ ይዞ መጣ። አልተነቃነቀችም። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ለመግሪብ ሶላት ቤቷ ገባች።

ቢኒያም ቆንጆ ናት፣ ግን ጀግናሽ ቆማለች አለኝ። ጉዞው የታለ? አዲስ አበባ ትሂድ፣ ትንገላታ፣ ዓይኗን ገልጣ ትመለስ። መንገድ ላይ ያለው የጣርማ በር ዋሻ ደፍ ይሁንልሽ፤ ጨለማ፣ ከዚያ ብርሃን... ክፍሉ ሁሉ በደስታ ተንጫጫ። ሳልወድ ለኔም ታየኝ።

ጥር 13

እናቴን አውቶቡስ ላይ ጫንኳት። ደብረ ሲና ላይ ብርድ አስመታኋት። ዋሻውን አሳለፍኳት። አዲስ አበባ ሰው ቤት ቀጠርኳት፣ አስለቀስኳት፣ መለስኳት። አሥራ ሁለቱም ሞላ።

አብሮኝ የሚሰለጥነው ኢልያስ፣ ባጃጁን ጥላ ስር አቁሞ አነበበውና፣ በቃ አንደኛ ነሽ አለኝ። ታዲያ ለምንድነው ደስ ያላለኝ?

ጥር 16

ለእናቴ አነበብኩላት። ማሾ እየለቀመች ነበር። ዋሻው ጋ ስደርስ እጇ ቆመ።

“እኔ ሄድኩ እንዴ?”

ፊልም ነው እማ፣ ጀግና መሄድ አለበት አልኳት።

“ሂጂ ያላለኝ ሰው ማን ነበር? አጎትሽ ሂጂ፣ ወንድሜ ነይ፣ ጎረቤቱ እዚህ ምን ቀረሽ... መሄድማ ቀላሉ ነበር።”

ከዚያ ወደ ማሾዋ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አጎቴ ሊያደርጋት ያቃተውን እኔ በአራት ቀን አደረግኳት አይደል? አውቶቡስ ላይ ጭኜ!

ጥር 17

ሦስተኛው ደረጃ፦ ጥሪውን እምቢ ማለት። ቢኒያም፣ ጀግናው ፈርቶ ነው፣ ቶሎ እለፉት ያለን ነው። እናቴ እኮ ዕድሜዋን ሙሉ የቆመችው እሱ ላይ ነው!

ጥር 20

እንደገና ጻፍኩ። ጥሪው “ሂጂ” ነው። ደፉ የቤታችን ደፍ። መካሪው ሼሁ። የማታውቀው ዓለም ወንዶቹ የሚራኮቱበት ቦይ። ሞት አፋፍ የምትደርሰው አካፋው ፊት። ይዛ የምትመለሰው የውሃ ተራዋን። ምን ጎደለ? አሥራ ሁለቱም አለ። መንገዱ ነው ያጠረው። ደግሞም ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ ያለበት ጀግና... የሱ ጀግኖች ይሞክሯት እስቲ።

ጥር 27

ዛሬ ለዳኞች አቀረብን። ገና ከመጀመሬ፣ የኔ ጀግና አትሄድም አልኩ። አንደኛው ዳኛ ተመልካች ይሰለቻል፣ ሴትዮዋ ቆማ ልትቀር ነው ወይ አለኝ።

“ሁሉም ቅሪ ለሚላት ሴት መሄድ ጉዞ ነው” አልኩት። “ሁሉም ሂጂ ለሚላት ግን ጉዞው መቆም ነው።”

ወረቀቴን አጥፌ ተቀመጥኩ።

ቢኒያም ወደ ጥግ ወሰደኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ዋሻው ያለበትን ስጪኝ፣ ዛሬውኑ ትመረጫለሽ አለኝ። ቀድጄዋለሁ አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቦርሳዬን ጥብቅ አድርጌ ይዤ ቆምኩ።

የኢልያስ ተመረጠ። ዋሻ አለበት። ሐሳቡን ካንቺ ነው የወሰድኩት ብሎ አንገቱን ደፋ። ውሰደው፣ ለኔ ጠቦኛል አልኩት።

ጥር 28

አለቀስኩ። ከዚያ ሠርግ ኤዲት አደረግኩ።

የካቲት 2

ቢኒያም ደወለ። ጽሑፍሽ ባይሆንም አንቺ ትሆኛለሽ፣ አዲስ አበባ ነይና ረዳቴ ሁኚ አለ። እዚያ ቀርተሽ ምን ልትሆኚ? አለኝ። ልክ እንደ አጎቴ! ሳቄ መጣ። ደግሞም አማረኝ፣ በጣም አማረኝ። ግን የእናቴን ፊልም ራሴ ሠርቼ ሳልጨርስ እምቢ አልኩት።

ለእናቴ ነገርኳት። ሂጂም ቅሪም አልልሽም አለች። እሱ ለኔ በቂ ነው።

የካቲት 12

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። በእኛም ሠርግ የለ፣ በክርስቲያኑም የለ። ካሜራው ሱቅ ውስጥ ተጋድሟል። አብዱልመሊክን ለመንኩት። ውሰጂ፣ ውሃ ካስነካሽው ግን ወየውልሽ አለኝ። ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

እናቴን ሆና እንድትጫወት አብራን የምትሰለጥነውን ሰላማዊትን ይዣት ነበር፤ ለኢልያስ ፊልም ወሰዷት። ቤት ገብቼ ስነጫነጭ እናቴ ሰማችኝ።

“ቆሞ መቅረት ነው አይደል? እሱን እችልበታለሁ።”

የካቲት 22

ዛሬ የእውነት ተራችን ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ ካሜራውን ደረቁ ላይ ተከልኩ። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ቦዩ አፍ ላይ ቆመች፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ድረስ። መቅረጽ ጀመርኩ።

አጎቴ ከላይ ሲመጣ አየሁት። አርጅቷል። አካፋው እንደ ልማዱ ትከሻው ላይ። ወሬው ደርሶታል። ስማችንን በየስልኩ ልታዞሩት ነው ወይ ብሎ ከሩቁ ጀመረ። ካሜራውን ልዝጋ? እጄ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ነበር።

እናቴ ዞር እንኳ አላለችም።

“ኑ፣ ፊልሙ ውስጥ ይግቡ እንጂ” አለችው። “የት ጋ ቆመው እንደነበር ያውቁታል።”

ዓይኑ ወደዚያች ቦታ ሄደ። ከሷ ፊት፣ ከቦዩ ማዶ። ያውቃታል! አካፋውን ከትከሻው አወረደ። እሷ አልተነቃነቀችም። እሱም ቆመ። ከዚያ አካፋውን መሬት ለመሬት እየጎተተ ወደ ማሳው ሄደ። ሁሉም ተቀርጿል። መጨረሻው ላይ ትንሽ ደብዝዟል፤ እተወዋለሁ።

እማ፣ አንዴ ብቻ ድገሚልኝ አልኳት።

“ያኔ ማን አስደገመኝ?”

ፀሐይዋን አየች። ውሃውን ለቀጣዩ ባለተራ ለቀቀች። ቀሚሷን ጨምቃ ከፊቴ መንገድ ጀመረች። ለመግሪብ ቤት ደረስን፣ ጾማችንን አፈጠርን። ካሜራው ላይ ጠብታ ውሃ የለም፤ ጭቃው ግን... ነገ ከአብዱልመሊክ ጋር እንተያያለን።

አሁን ስልኬን ሳየው ቢኒያም ጽፎልኛል። ታዲያ መቼ ነው የምትነሺው? ይላል።

ገና ሦስተኛው ላይ ነኝ ብዬ መለስኩለት።