ቀስቷ ሰማንያ ስትል

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሞላ እሺ አለ! ስንት ቀን ለምኜው ጆሮ ዳባ ልበስ ሲለኝ ከርሞ፣ ዛሬ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ «በማርያም ጽዋ ይዤሃለሁ» አልሁት። አለቀ። ማኅበርተኛዬ ነው፤ ጽዋውን ከአባቶቻችን ነው የወረስነው። በጽዋው የተለመነ ሰው እንቢ አይልም። መፍቻውን አስቀምጦ ጭንቅላቱን አከከ።

«የሺ፣ ይቺ ስኩተር እኮ ሱቅ ለመላላኪያ የተሠራች ናት» አለኝ።

ይሁና! እኔ ያለችኝ እሷ ናት። ክሊኒኩ የበሽተኛ ደም በጠዋቱ አውሮፕላን ለምርመራ ይልካል፤ ከከተማ ወደ አየር ማረፊያ የሚያደርስ ሰው ይፈልጋሉ። ቋሚ ሥራ ነው። ሆቴሉ እንግዳ አጥቶ እኛን ካሰናበተ ወዲህ ቋሚ የሚባል ነገር በዓይኔ አላየሁም። በዚህ ሳምንት ተሳፋሪ የሚያመላልሰው ሰይድ በትልቁ ሞተሩ እያደረሰ ነው። የሚመጣው ሳምንት የእኔ ነው። ከዚያ ዶክተሯ አንዳችንን ትመርጣለች። የእኔዋ ቀይ ስኩተር ነፍሷ እስኪወጣ ብትሮጥ ስልሳ ናት። የሰፈሩ ልጆች «ቀይ ዶሮ» ነው የሚሏት፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

ሞላ እንዳስረዳኝ፣ ሲሠሯት ሆን ብለው ሞተሯ ጎን ፍጥነት የሚገድብ ቀለበት አስገብተውባታል። እሱ ከወጣ ትፈተለካለች። «ፍሬኗ ግን ያው የዶሮ ፍሬን ነው» አለ። እንዳልሰማ አለፍሁት።

ለእማዬ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «በዚያ ቁልቁለት? አንገትሽን ልትሰበሪ ነው?» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። «ወዴት?» ብላት በሩን ዘጋችው።

አርብ፣ ጥቅምት 14

ቀይ ዶሮ ጋራዥ አደረች። በእግሬ ስንከላወስ ዋልሁ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ባይ ሞላ በሩን ገርበብ አድርጎ «ነገ፣ ነገ» ይለኛል። ሲሠራ ሰው ሲያየው አይወድም ድሮም።

እማዬ ስታለቅስ አገኘኋት። ሽንኩርት ነው አለች። ሽንኩርት የት አለና?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሰማንያ! ኧረ እልል በሉልኝ!

ገበያ ስለሆነ እስከ ታች ድረስ አህያ በአህያ ነው። ሜዳው ላይ ስደርስ ግን መንገዱ ለቀቀኝ፤ እጀታውን እስከ ጥግ ጠመዘዝሁት። የቆጣሪዋ ቀስት ስልሳን አለፈች፣ ሰባን አለፈች፣ ሰማንያ ላይ ቆማ ተንቀጠቀጠች። ብቻዬን ጮኽሁ። አንድ ባለ በቅሎ ሰውዬ አማተበብኝ።

ስመለስ ሞላን ግንባሩን ሳምሁት። እሱ እቴ፣ ቀና ብሎም አላየኝ፤ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። እማዬማ ጭራሽ ተገለበጠች። «እንግዲህ ፈጠንሽ፤ እግዜር ይጠብቅሽ» አለችና ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። የትናንቷ አልቃሻ! ሲያዩት ይለመዳል ማለት ነው።

የሚያስቅ ነገር፦ አየር ማረፊያው በእኔ ቆጣሪ ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ነበር። ዛሬ ሠላሳ አለኝ። ለካ ፍጥነት ሲገኝ አገሩም ይሰፋል።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

የተዘጋጀ፦ የበረዶ ሳጥኑ ኋላ በጎማ ታስሯል። ቤንዚን በመከራ ተገኝቷል። የራስ ቁሩ መስተዋት ታጥቧል። ጫማዬ ተሰፍቷል።

ያልተዘጋጀ፦ እኔ። ሳጥኑን ስፈታ ሳስር ዋልሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ደረስሁ። ግን ለጥቂት! ጭነት ተቀባዩ ልጅ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል ነው የደረስሁት። ሰማንያ እየበረርሁ እንዴት እንዲህ ሆነ? መታጠፊያው ላይ በጎች ያዙኝ። ድልድዩ ጋ መኪና ቆሞ ነበር። እሱ ነው።

ዶክተሯ «ጎበዝ» አለችኝ። ከሰማሁት ቃል ሁሉ ጣፋጩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18



ጠዋት ሳጥኑን ልረከብ ስሄድ ከብልባላ የመጡ አንዲት አሮጊት ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። እማማ ብርቄ ይባላሉ። ትናንት ቀኑን ሙሉ በእግራቸው መጥተው ቤተ ክርስቲያን ደጅ አድረዋል። ደማቸው ገና አልተቀዳም። ዶክተሯ ሰዓቷን አይታ «ብትጠብቂያቸው ትደርሻለሽ? ካልደረስሽ ደሙ ለነገ አይሆንም፣ ይበላሻል» አለችኝ።

«እደርሳለሁ፤ ሰማንያ ነው የምነዳው» አልሁ። ደረቴን ነፍቼ! እማማ ብርቄ እጄን ይዘው መረቁኝ። «እግርሽ አይሰናከል» አሉኝ።

ቀስቷ ሜዳው ላይ ከሰማንያ አልወረደችም። በጎችም የሉ፣ መኪናም የለ። ስደርስ አውሮፕላኑ እየተንደረደረ ነው። አጥሩን ይዤ ቆሜ አየሁት። ሳጥኑን ይዤ ተመለስሁ።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሴትየዋ ሄደዋል፤ ስልክ የላቸውም። ቃል ባትሰጪኝ ኖሮ ለዛሬ አውሮፕላን አልቀዳቸውም ነበር፤ እዚሁ አሳድሬ ነገ ቀድቼ እልከው ነበር» አለች። እነዚያ ጭራሮ የመሰሉ ክንዶች! ስንት ጊዜ ወግተው ነው ደም ያገኙት።

ለእማዬ አውሮፕላኑ እንዳመለጠኝ ብቻ ነገርኋት። የቀረውን ማውራት አቃተኝ። እሷም እቃ ማጠብ ጀመረች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወጣሁና በሰላም አደረስሁ። እሱ አይደለም ወሬው።

ሜዳው ላይ ሰማንያ እየነዳሁ ሳለ ከኋላ ጡሩምባ ሰማሁ። ሰይድ ነው፤ ተሳፋሪ ሊያመጣ ወደ አየር ማረፊያ ይወርዳል። መጣና ጎን ለጎን ሆነን እኩል መሄድ ጀመርን።

«የሺ፣ ደህና አደርሽ? ምነው ዛሬ ቀስ አልሽ?»

«ምን ቀስ አልሁ! ሰማንያ ላይ ነኝ!»

ወደ ራሱ ቆጣሪ ጎንበስ ብሎ አየ። «ወላሂ፣ እኔ ስልሳ ላይ ነኝ።»

እየቀለደ መስሎኝ ሰደብሁት። ምስኪን፣ አቁሞ አሳየኝ፤ ከዚያ እንደገና አብረን ሄድን። እሱ ስልሳ፣ እኔ ሰማንያ፣ ጎማ ለጎማ። ያኔ የሠላሳው ኪሎ ሜትር ትዝ አለኝ። መንገድ አይረዝምም። ቆጣሪዋ ናት የምትዋሸው! ስኩተሯን አቁሜ መንገዱ ዳር ተቀመጥሁ። ሰይድ ውኃ ሰጠኝ።

ሳጥኑን አድርሼ በቀጥታ ጋራዥ። «ሞላ፣ ቀለበቱን አውጥተኸዋል ወይስ አላወጣኸውም?» ጨርቁን አነሣ። «በማርያም!» አልሁት። ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

«ያን ዕለት አንቺ በጽዋው ያዝሽኝ። አንቺ ከሄድሽ ብዙም ሳይቆይ እናትሽ መጡ። እሳቸውም በጽዋው ያዙኝ፤ እንዳታፈጥንብኝ፣ ልጄን እንዳትገድልብኝ ብለው። እሳቸው ማኅበርተኛ፣ አንቺ ማኅበርተኛ። ማንን እንቢ ልበል?»

የፊት ጎማዋ ውስጥ ቆጣሪውን የምታዞረውን ጥርስ ከሌላ አሮጌ ሞተር ባወጣት ቀይሯታል። ሌላ ምንም አልነካም። «ላንቺ ፍጥነቱን ቀስቱ ላይ ሰጠሁሽ፣ ለእሳቸው ዝግታውን ጎማው ላይ ተውሁላቸው» አለኝ። እንዲህ ብሎ ሲናገር ሁለታችንን ያስታረቀ ይመስል ነበር።

ግንባሩን ስሜው ነበር እኮ! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ። አብሮኝ ያደገ ልጅ! መፍቻውን አንስቼ ወረወርሁት፤ ቆርቆሮውን መታ እንጂ እሱን አላገኘውም። ይቆጨኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ዶክተሯ ዛሬ ነገረችኝ። ሥራው የሰይድ ነው። እምነት አንዴ ከጎደለ ጎደለ ነው አለች። ሰይድ ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ «አልፈልገውም ልበላቸው?» ይለኛል። ውሰደው አልሁት። እሱ አልዋሸኝም።

እማዬ ግን! ሰማንያ ደረስሁ ብዬ ስዘል እያየች ሳቀች። በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች! ዛሬ ጮኽሁባት። «ሥራዬን አሳጣሽኝ! እንቢ ማለት አቅቶሽ ነው? ፊት ለፊት ብትከለክይኝ ምን ነበረበት?»

«ከልክዬሽ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?» አለች። እውነቷን ነው። ቢሆንስ? «ሥራ ይገኛል፣ አንቺ አትገኚም። ነገም ቢሆን እንደዚያው አደርጋለሁ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እራት ሳንነጋገር በላን። እኔስ አልበላሁም፣ ቆረስ አድርጌ ተውሁት።

አርብ፣ ጥቅምት 21

የማርያም ማኅበር። አለመሄድ አማረኝ፤ ሄድሁ።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን አያ በሪሁን እንደ ወጉ ጽዋው ከመዞሩ በፊት ጠየቁ። «የተቀያየመ አለ? ቂም የያዘ እንዳይቀምስ።» ሁልጊዜ ዝም ነው የሚባለው። ተነሣሁ። ከሀ እስከ ፐ ነገርኋቸው፤ ቀለበቱን፣ ጥርሷን፣ ቀስቷን።

ሳቁ።

እውነቴን ነው፣ ሳቁ! ጠላው እስኪፈስ ሳቁ። አንዷ «እሰይ፣ የእናት አንጀት!» አለች። አንዱ ሞላን ትከሻውን መታ አድርጎ «አንተ ሰለሞን፣ ሁለቱንም መሐላ ጠበቅህ!» አለው። ከእማዬና ከሞላ ይልቅ ያን ጊዜ እነሱ ናቸው የገደሉኝ። 

«የእማማ ብርቄ ደም ተደፋ» አልሁ። «ከብልባላ በእግራቸው የመጡ አሮጊት። ሰማንያ እነዳለሁ ብዬ ቃል የሰጠሁት ለእሳቸው ነው። ዛሬ ቤታቸው ተቀምጠው ውጤት እየጠበቁ ነው። የሌለ ውጤት!»

ሞላ ጠላውን አስቀመጠ። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «የማን ደም?» አለች። አላወቀችም ለካ። እኔም ሥራዬን እንጂ እሳቸውን አንስቼባት አላውቅ።

አያ በሪሁን ጽዋውን አስቀመጡ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አሉ። «ሞላ፣ የጠመዘዝኸውን ትፈታለህ።» ወደ እማዬ ዞሩ። «ወይዘሮ ዘውዴ፣ እርስዎ ብልባላ ሄደው ሴትየዋን ይቅርታ ይጠይቃሉ። የሺ ታደርስዎታለች።»

«እኔ?» አልሁ። ጽዋውን አንሥተው ማዞር ጀመሩ።

ጽዋው ሲደርሰኝ ለጎረቤቴ አሳለፍሁት። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሞላም አሳለፈው። እማዬ ያዘችው፣ አየችው፣ ሳትቀምስ አሳለፈችው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ሞላ የድሮዋን ጥርስ መለሰ። ቆሜ እያየሁት፣ በር ወለል አድርጎ። ሲጨርስ በቀስታ «እናትሽ ከመሐላው ለቀውኛል። ቀለበቱን ላውጣው? አሁን የእውነት» አለኝ።

ምን ሊያደርግልኝ? «እንዳትነካት» አልሁት። ሰላም ሳልለው ወጣሁ።

ሜዳው ድረስ ወርጄ ሞከርኋት። ስልሳ። አየር ማረፊያው ሃያ ሦስት። አገሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልተመለስሁት።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

እማዬ ድፎ ዳቦ በሻሽ ቋጥራ ኋላዬ በጎን ተቀመጠች። ቀይ ዶሮ ላይ ወጥታ አታውቅም። ከከተማ እስክንወጣ ዳዊቷን ደገመች። ዳገቱ ላይ ሃያ አምስት ነበርን፤ አንድ ልጅ ከነበጎቹ እየሮጠ አጀበን።

እማማ ብርቄ ደጃቸው ላይ ገብስ ያሰጣሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «ውጤቱን አመጣሽልኝ?» አሉ።

እማዬ ናት የተናገረችው፤ ተንበርክካ፣ ጉልበታቸውን ይዛ። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ለልጄ ስሳሳላት የእርስዎን ደም አፈሰስሁት።»  እማማ ብርቄ ክንዳቸው ላይ ያለውን የመርፌ ጥቁረት ዳሰሱት።

«ደሙስ ይተካል» አሉ በመጨረሻ። «ያ መንገድ ነው ያደከመኝ።»

ማክሰኞ በማለዳ መጥቼ በስኩተሯ ልወስዳቸው፣ ክሊኒኩ አድረው ደማቸው ረቡዕ እንዲላክ ተነጋገርን። ስኩተሯን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ትፈጥናለች?» ብለው ጠየቁ። እማዬ መሬት መሬት አየች። «አትፈጥንም፣ እማማ። ግን ታደርሳለች» አልሁ።

ስንመለስ ብርዱ ከበደ፤ ደመናውም ወረደ። ዳገቱ ላይ እማዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«የሺ፣ ትንሽ ፈጠን በይ እንጂ፣ ሊመሽብን ነው።»

በጣቴ ቆጣሪውን አሳየኋት። ሃያ አምስት። «ያለችው ይቺው ናት» አልሁ። ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ዋጥሁት፤ ገና አልታረቅኋትም። እሷም ወገቤን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነበር። አላስለቀቅኋትም።